እትዬ ጸዳለና አልኮል አልባው ቃሪቦ

እትዬ ጸዳለ ማረፋቸውን የሰማሁት ከቤተ ክርስቲያናቸው ከመጡ ሁለት ሰዎች ነው። የመጡትም መርዶ ሊነግሩኝ ሳይሆን ሥራ ሊሰጡኝ ነበር። «አንተ ጽሑፍ ታውቃለህ፤ ለቀብሩ የሕይወት ታሪካቸውን በአንድ ገጽ አዘጋጅልን» አሉኝ። እውነት ነው፣ ጽሑፍ አውቃለሁ። ዕድሜዬን ኮምቦልቻ ውስጥ የለስላሳ መጠጥና የብስኩት ማስታወቂያ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ተቀምጬ ጻፍኩ። «ትሑት፣ ታዛዥ፣ ሰው አክባሪ፣ ከአለቆቻቸው ጋር ተግባብተው የሚሠሩ ነበሩ» አልኩ። መቃብሩ ዳር ሲነበብ የድሮ የፋብሪካችን ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንዳንዶቹ ቀብር የተሳሳቱ ሳይመስላቸው አልቀረም።

ይህን የምጽፈው ያንን ለማረም ነው። እትዬ ጸዳለ ትሑት አልነበሩም። ታዛዥም አልነበሩም። ሰው ያከብሩ ነበር፤ ግን አስቀድመው መርምረው ነው።

የፋብሪካውን ስም አልጠራም። ከዚያ ወዲህ እሱ ራሱ ስሙን ሁለት ጊዜ ለመቀየር ደክሟልና ልፋቱን ላክብርለት። እትዬ ጸዳለ የጥራት ላቦራቶሪው ኃላፊ ነበሩ። ሃምሳን ያለፉ፣ አጭር፣ ቀጭን፣ ያላገቡ ሴት ናቸው። «ወይዘሮ» ተብሎ የተጻፈላቸውን ደብዳቤ «ለሌላ ሰው የተላከ» ብለው ይመልሱት ነበር። ቤታቸው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው። ጠዋት ጠዋት በሠራተኛ ሰርቪስ አብረን ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ያነባሉ። አንዳንድ ቀን ቀና ሳይሉ፣ «ዛሬ ከመካከላችን ጥሬ ሽንኩርት የበላ ሰው አለ። ቀማሽ ከሆነ ወደ እኔ ባይደክም ይሻላል» ይላሉ። ሰውየው ከኋላ ወንበር ሆኖ አፉን ይገጥማል። አፍንጫቸው ሲያዩት ግን የማንም ዓይነት ተራ አፍንጫ ነበር።

የቅምሻ ክፍላቸው ድሮ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበር። ነጭ ቀለም አስቀብተው፣ ቀማሽ የጎረቤቱን ፊት እንዳያይ በሳንቃ ስምንት ቦታ ከፋፈሉት። «ሰው በምላሱ አይቀምስም፤ በጎረቤቱ ፊት ነው የሚቀምሰው» ይሉ ነበር። አምፖሉ ቀይ ነው፣ የመጠጡ ቀለም እንዳያታልለን። ስኒዎቹ ላይ ሦስት አሃዝ ቁጥር እንጂ ስም የለም። በየመሐሉ አፋችንን የምናጥብበት ውሃና ደረቅ ዳቦ ይቀርባል። ሽቶ የተቀባ፣ ጫት የቃመ፣ ጉንፋን የያዘውና የተናደደ ሰው አይገባም። የተናደደውን እንዴት እንደሚለዩት ነግረውን አያውቁም፤ ግን ይለዩታል።

ቀማሽ ለመሆን ፈተና አለ። ኢምንት ስኳር፣ ኢምንት ጨው ወይም የሎሚ አሲድ የገባበትን ውሃ ከንጹሕ ውሃ መለየት ነው። የበር ጥበቃው በመጀመሪያው ሙከራ አለፈ። እኔ በሦስተኛው አለፍኩ። ሥራ አስኪያጃችን፣ ከእትዬ ጸዳለ በዕድሜ በብዙ የሚያንስ፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ቢሮ የሚገባ ሰው፣ በገዛ ፈቃዱ ተፈተነና ጨዉን «ስኳር»፣ ንጹሑን ውሃ ደግሞ «ትንሽ መረር ያለ» አለ። እትዬ ጸዳለ ውጤቱን መዝግበው፣ ኃላፊነት ምላስ ስለሚያደነዝዝ እንዳያዝን አጽናኑት።

«ይጣፍጣል» ማለት በዚያ ክፍል ክልክል ነበር። የመጀመሪያ ቀን እኔ ብዬው፣ «ይህ የሚነግረኝ ስለ አንተ ነው። አንተን አልለካሁም። ስለ መጠጡ ንገረኝ» አሉኝ። ቀስ በቀስ ሁላችንም የተቃጠለ ገብስ፣ እርጥብ ጆንያ፣ ያደረ እርሾ፣ የብረት ማንኪያ ማለት ተማርን። ይህን ቋንቋ ሳይማሩ የሚያውቁት አባባ ይማም ብቻ ነበሩ። አባባ ይማም ለፋብሪካው የብቅል ለስላሳ የሚሆን ገብስ የሚያቀርቡ የኩታበር ገበሬ ናቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ስኒዎቹን በጣታቸው ይጠቁማሉ፣ እትዬ ጸዳለ ይጽፉላቸዋል። አንድ ቀን አንዱን ስኒ ቀምሰው፣ «ይህ ገብስ አውድማ ላይ ዝናብ መትቶታል። ወላሂ የኔ አይደለም» አሉ። እትዬ ጸዳለ ወደ መጋዘን ሄደው የእህሉን እርጥበት ሲለኩት እውነት ሆነ። የግዢ ክፍሉ ከሌላ ቦታ እርጥብ ገብስ ቀላቅሎ ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ፣ ጴንጤዋ ኬሚስትና ሙስሊሙ ገበሬ፣ እንደ ሁለት ሐኪሞች ራስ ለራስ ገጥመው ይማከሩ ጀመር። እኛ ስድስታችን እነሱ ከተስማሙበት ነገር ብንለይ የምናፍር ሆንን፤ ሳንቃው እንኳ አላዳነንም።

ደግሞ «የቀማሽ ውል» የሚሉት አንድ ገጽ ወረቀት ነበራቸው። በፊቱ እኛ የምንገባው ግዴታ ተዘርዝሯል፣ በጀርባው ደግሞ እሳቸው የገቡት አንድ ግዴታ ብቻ አለ፤ ቀማሽ ወደ አፉ ያስገባው ነገር ተመርምሮ ውጤቱ ሲታወቅ ይነገረዋል ይላል። ሥራ አስኪያጁ አጽድቆ ማኅተም አድርጎበታል። የወረቀት ጀርባ የማንበብ ልማድ ግን አልነበረውም።

ያ ዘመን መሥሪያ ቤት ሁሉ ራሱን ከመሠረቱ የሚለውጥበት ዘመን ነበር። እኛም በዓመት ሁለት ጊዜ ከመሠረታችን እንለወጥ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አዲስ አበባ ሥልጠና ደርሶ በተመለሰ ቁጥር አንድ ነገር ይለወጣል። አንዴ የብርቱካን መጠጣችንን ቅመም አስቀየረና ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው ብሎ ለቦርዱ ሪፖርት ሊልክ ሲል እትዬ ጸዳለ ሦስት ስኒ አቀረቡለት። ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ አንዱ የተለየ ነው፤ የተለየውን አውጣ ነው ጨዋታው። ሳተ። ደገመ፣ ሳተ። ሠለሰ፣ አሁንም ሳተ። ሪፖርታቸው ላይ የጻፉትን አረፍተ ነገር እኔ ነኝ የተየብኩት፤ «ሥራ አስኪያጁ ልዩነቱን ሊለዩ አልቻሉም፤ ሆኖም በልዩነቱ መኖር ሙሉ እምነት አላቸው» ይላል።

ከዚያ የቃሪቦው ነገር መጣ። ቃሪቦ በተቆላ ገብስና በስኳር የሚሠራ፣ ጠቆር ያለ ጣፋጭ መጠጥ ነው። ወሎ ውስጥ ጠላ የማይጠጡ ሰዎች፣ ሙስሊሙም ጴንጤውም፣ ለሠርግና ለበዓል ያዘጋጁታል። እርሾ ስላለው ተሠርቶ በማግሥቱ ይጠጣል፣ ሳይሰነብት ያልቃል። ሥራ አስኪያጁ ይህን በጠርሙስ አሽገን እንሽጥ አለ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ሰው ከብዙ ሐሳብ አንዱን መምታቱ አይቀርም። ረመዳን ከአዲሱ ዓመት ጋር ተያይዞ ሊገባ ስለነበር ምርቱ ለአፍጥር እንዲደርስ ታዘዘ። የምርቃቱ ቀን ተቆረጠ፣ ከዞን ባለሥልጣናት ተጋበዙ። እኔ ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ጻፍኩ። «መቶ በመቶ አልኮል አልባ፤ የአፍጥርዎ ወዳጅ» የሚል ነው። በጣም ወደድኩት። ላቦራቶሪ ሳይጠየቅ ታተመ፣ በካርቶን በካርቶን ሆኖ መጣ።

እትዬ ጸዳለ ቃሪቦውን ወደዱት። ስምንታችንም ወደድነው፣ በተፈቀዱት ቃላት። መጋዘን ውስጥ ጥቂት ጠርሙሶች አስቀምጠው ግን በየሦስት ቀኑ አንዱን ይመረምሩ ጀመር። ምርመራው ቀላል ነው። ቃሪቦውን በብርጭቆ ዕቃ አፍልተው እንፋሎቱን ያጠራቅማሉ፣ የተጠራቀመውን በትንሽ ጠርሙስ ሞልተው ይመዝኑታል። አልኮል ከውሃ ይቀላል፤ ሚዛኑ በቀለለ ቁጥር አልኮሉ በዝቷል ማለት ነው። ትኩሱ ቃሪቦ ላይ ይህ ነው የሚባል ነገር አልተገኘም። የኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሁለት ሳምንት የቆየው ግን ከቀጭን ጠላ እምብዛም አይርቅም። እርሾው ጠርሙሱ ውስጥ አልሞተም፤ ስኳሩን እየበላ አልኮል እያወጣ ነው። ቀትር ላይ መጋዘኑ በር አጠገብ ስናልፍ ቆርኪዎች በራሳቸው ጊዜ ሲፈነጠሩ እንሰማ ነበር።

እትዬ ጸዳለ መፍትሔውን ጭምር ጻፉ። የታሸገውን ጠርሙስ በፍል ውሃ የሚያሞቅና እርሾውን የሚገድል ማሽን ያስፈልጋል፤ እስኪመጣ ጽሑፉ ይነሣ አሉ። ማሽኑ በትንሹ ወራት ይፈጃል። ምርቃቱ ቀርቦ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራቸው። የታተመው ጽሑፍ ጉዳይ ስለሆነ እኔም ነበርኩ።

«ትኩሱን ለክተው ይፈርሙ» አላቸው። «ውሸት እኮ አልጠየቅንዎትም።»

«ትኩሱን ማን ነው የሚጠጣው? ደንበኛው ማሽኑ ሥር አፉን ከፍቶ ይጠብቃል?»

እሱ ፈገግ ብሎ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ተናገረ። «እትዬ ጸዳለ፣ እርስዎ ጴንጤ ነዎት። የሙስሊሞቹ ጾም እርስዎን ምን አገባዎት?»

«ሚዛኑ ሃይማኖት የለውም» አሉ። ብዕሩን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው በሁለት እጃቸው ወደሱ መለሱለት። «እኔ ግን አለኝ።»

ወጡ። ሥራ አስኪያጁ ወደኔ ዞሮ፣ ጽሑፉ ግሩም እንደሆነ ነገረኝ። አመሰገንኩት።

በሳምንቱ ግምገማ ተጠራ። ያ ዘመን ያለ ግምገማ ሻይ የማይጠጣበት ዘመን ነበር። በአዳራሹ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ሥራ አስኪያጁ መድረኩን ራሱ መርቶ፣ እትዬ ጸዳለ ልማትን በማደናቀፍና በኪራይ ሰብሳቢነት ተከሰሱ። መልስ እንዲሰጡ ተጋበዙ። ተነሥተው፣ እሳቸው ቧንቧ ውሃ በኪራይ ቤት እንደሚኖሩ፣ ስለዚህ ኪራይ ከፋይ እንጂ ሰብሳቢ እንዳልሆኑ፣ ሰብሳቢዋ አከራያቸው መሆናቸውንና ጥፋታቸውን ማታ ሲገናኙ እንደሚነግሯቸው አስረዱ። አዳራሹ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ አለመሳቁን ሲያይ ግን አዳራሹ ሳቁን ዋጠ። ከላቦራቶሪ ተነሥተው ሌላ ሥራ ይመደቡ የሚል የውሳኔ ሐሳብ ቀረበ፤ የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ።

እጄን አወጣሁ። ምክንያት ልደርድር ብል እችላለሁ፣ ሙያዬም እሱ ነው። አወጣሁ፣ በቃ። እትዬ ጸዳለ ከፊታችን ቆመው፣ ስኒ እንደሚቆጥሩ ሁሉ እጆቹን ከግራ ወደ ቀኝ እየቆጠሩ ነበር።

የደንብ ልብስና የሳሙና መጋዘን ተመደቡ። ላቦራቶሪውን ለተተኪያቸው ባስረከቡ ማግሥት ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ ለቀማሾች በሙሉ አንድ አንድ ፖስታ ሰጡን። ለእኔም። በውስጡ የናሙናው ቁጥር፣ የተመረመረበት ቀንና የአልኮሉ መጠን አለ። ከሥሩ «ይህን ቀምሰዋል፤ ሊያውቁት ይገባል» የሚል አንድ መስመር ተጽፏል። አድራሻዬ ላይ «አቶ» ማለትን አልዘነጉም።

አባባ ይማም ማንበብ ስለማይችሉ ቅዳሜ ኩታበር ድረስ ሄደው አነበቡላቸው። ይህን የነገሩኝ በኋላ አባባ ይማም ራሳቸው ናቸው። ሽማግሌው ከሰሙ በኋላ ሐራም ነው ወይስ አይደለም ብለው ጠየቋቸው። እትዬ ጸዳለ እሱን የሚያውቁት ሼሆቹ እንደሆኑ፣ እሳቸው የሚያውቁት ስንት እንዳለበት ብቻ እንደሆነ መለሱላቸው። «ወላሂ፣ ከዚያ በላይ ብትለኝ አላምናትም ነበር» አሉኝ አባባ ይማም። ወረቀቱን አጣጥፈው ወደሚያምኗቸው ሼህ ይዘው ሄዱ።

የምርቃቱ ቀን ድንኳን ተተከለ። ባለሥልጣናቱ ደረሱ፣ ሥራ አስኪያጁ ስለ ባህላዊ መጠጦቻችን ወደ ዘመናዊነት መሸጋገር ረዥም ንግግር አደረገ። ንግግሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ረዥምነቱ ግን የሱ ነው። በመሐል አባባ ይማም ከአራት ሽማግሌዎች ጋር ገቡ። ገብስ አቅራቢ ስለሆኑ ማንም አልከለከላቸውም። ንግግሩ እስኪያልቅ በጨዋ ደንብ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ አባባ ይማም አንድ ጠርሙስ ይሰጠኝ አሉ። ከበረዶ ሣጥኑ ውስጥ ቀዝቃዛ አወጡላቸው።

«ይህን አይደለም የኔ ልጅ። ሰው የሚገዛውን አምጡልኝ። ከመጋዘን» አሉ።

ባለሥልጣናቱ ባሉበት እምቢ ማለት አልተቻለም። መጣ። ሲከፈት አረፋው ፈልቶ የከፈተውን ሰው እጅጌ አራሰው። አባባ ይማም አልቀመሱም። ጠርሙሱን እትዬ ጸዳለ እንዳስተማሯቸው ቀስ አድርገው አሽከርክረው፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ለዞኑ ሰው መልሰው ሰጡት።

«ጠላ ነው» አሉ። «ጌሾ ያጣ ጠላ።»

አልጮሁም፣ አልተቆጡም። ሽማግሌዎቹ «የሰው አደራ፣ አማና በልታችኋል አንልም፤ አማና እንዳትበሉ ነው የመጣነው» ብለው፣ ሰላምታ ሰጥተው ወጡ። ባለሥልጣናቱ ሌላ ስብሰባ እንዳላቸው ድንገት አስታወሱ። በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ እትዬ ጸዳለን የፋብሪካ ምሥጢር በማውጣት ሊያባርር ሲነሣ የቀማሽ ውሉን አቀረቡለት። ገልብጠው ጀርባውን አሳዩት። ፊርማውና ማኅተሙ ከሥሩ ነበር።

ከዚያ የሆነው ሁሉ እንደ ዘመኑ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ለተሻለ ኃላፊነት አዲስ አበባ ተዛወረ። የኔ ጽሑፍ የታተመበት ወረቀት ጀርባው ነጭ ስለነበር ሁለት ዓመት ያህል ማስታወሻ ስንጽፍበት ኖርን። ማሞቂያ ማሽኑ በዓመቱ ተገዛ፤ ቃሪቦውም እርሾው ሞቶ፣ በላዩ ምንም ትልቅ ቃል ሳይጻፍበት ገበያ ወጣ። ስለ ጥራት ቁጥጥሩ ምስጋና የተሰጠው ለተተኪው ነበር። እትዬ ጸዳለን ወደ ላቦራቶሪ እንመልሳቸው ያለ ሰው አልነበረም። ጡረታ እስኪወጡ ሳሙና አከፋፈሉ። እዚያም አላረፉም፤ አንድ ጊዜ የመጣው ሳሙና የጽዳት ሠራተኞቹን እጅ ሲልጥ አይተው ጭነቱን ሙሉ አስመለሱ። እኔ በየወሩ ሳሙናዬን ስወስድ ፊርማዬን ብቻ አይ ነበር፣ ፊታቸውን ሳይሆን።

ጡረታ ከወጡ ከዓመታት በኋላ አንድ ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ አጠገብ አንዲት የቤተ ክርስቲያናቸው ሴት አገኘችኝና መታመማቸውን ነገረችኝ። ብርቱካን ይዤ ቧንቧ ውሃ ወጣሁ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ጋቢ ለብሰው አገኘኋቸው፤ ከድሮውም ቀጥነዋል። ሕመሙ ምን እንደሆነ በአንድ መስመር ነገሩኝ። ማሽተት ከጠፋባቸው ስድስት ወር ሆኗል፣ ምላሳቸውም አብሮ ሄዷል። ሐኪሙ አይመለስም ብሏቸዋል። ሲናገሩት የሌላ ሰው ውጤት የሚያነቡ ይመስሉ ነበር።

የሚያስቸግሯቸው ግን ጎረቤቶቻቸው እንደሆኑ ነገሩኝ። ደግ ሰዎች ናቸው። ወተቱ ተበላሽቶ እንደሆነ እንዲያሸቱላቸው ሲጠይቋቸው፣ ቅር እንዳይላቸው «ደህና ነው እትዬ» ይሏቸዋል። በዚህ ደግነት የተበላሸ ወተት ጠጥተው ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስመልሳቸው ቆዩ። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ወተት አንሥተው ወደኔ ዘረጉልኝ።

«አንተስ?» አሉኝ። «አንተም ታዝንልኛለህ?»

አሸተትኩት። ወተቱ ከተበላሸ ቆይቷል። ለመናገር አፌን ስከፍት፣ ዕድሜ ልኬን የለመደው ምላሴ «ደህና ነው» ሊል እንደነበር አስታውሳለሁ።

«ተበላሽቷል» አልኩ። «ከትናንት ወዲያ የታለበ ነው። ኮምጥጧል፣ ዕቃውም በደንብ አልታጠበም፣ ጭስ ጭስ ይላል።»

ብርጭቆውን ተቀብለውኝ፣ ቀስ ብለው ተነሥተው በበሩ ደጅ ደፉት። ተመልሰው እስኪቀመጡ መጠበቅ አልቻልኩም።

«እትዬ ጸዳለ፣ በዚያ ግምገማ እጄን አውጥቻለሁ።»

«አውቃለሁ። ሦስተኛው ረድፍ ነበርክ» አሉ። ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ፣ «በሚመጣው ቅዳሜ ና» አሉኝ። «ቅቤ ላስገዛ ነው።»

ቅዳሜ ሄድኩ። ቅቤው በቅጠል ተጠቅልሎ መጥቶ ነበር። አሸተትኩትና የቆየና በላዩ ብቻ ትኩስ የተለቀለቀ መሆኑን ነገርኳቸው። አላዘኑም፣ አልተገረሙም፤ ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝና ሰኞ ገበያ ሄጄ ለባለቅቤዋ እንድመልስላት አዘዙኝ። እኔ ሄጄ አላውቅም አልኩ። «ያልሠራኸው ብዙ ነገር አለ» አሉኝ።

ባለቅቤዋ ደንደን ያለች፣ ድምፀ ትልቅ ሴት ናት። ዙሪያዋን ገዢ ከቧታል። ቅጠሉን ፈትቼ ፊቷ ላይ አስቀመጥኩ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ማስታወቂያ ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው፣ በሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ይህ ነገር የተባለው አይደለም» አልኩ።

ሴትየዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ቅቤውን አንሥታ አሸተተችው። ከዚያ ጎንበስ አለችና ከተቀመጠችበት ሥር፣ በእርጥብ ቅጠል የተሸፈነውን ሌላውን፣ ትኩሱን ቅቤ አወጣች።